ሁለት ከረጢትና አንድ አንጀት

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የከፈትኩት ባሌ ሌላ ደብተር ስለከፈተ ነው። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው በር እየቆመ፣ ከሰው ውሻ እየተፋጠጠ ቁጥር ሲጽፍ ኖሮ፣ ዘንድሮ ቆጣሪው ራሱ ቤቱ ድረስ መጣለት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አልጋዬ ሥር በርከክ ይልና፣ ከጀርባዬ በግራና በቀኝ በወጡት ቀጫጭን ጎማዎች ጫፍ የተንጠለጠሉትን ሁለት የሽንት ከረጢቶች ዓይኑን አጥብቦ ያነባል። «ቀኝ ሰባት መቶ ሃምሳ። ግራ አራት መቶ አሥር።» ይጽፋል። ከዚያ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ግራው ዛሬም ለግሟል» ይላል። ግራ ኩላሊቴን ፊት ለፊቴ ሲያማብኝ ደስ አይለኝም።

እሱ ቁጥሩን ከያዘ ሌላው ሁሉ ለእኔ ይቀራል ማለት ነው። ለታሪክ ይመዝገብ።

ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱ ሁለት ቱቦዎች በሰው ሁሉ ሆድ ውስጥ አሉ፤ ከወፍራም የሹራብ ክር አይበልጡም። የእኔዎቹን ከጀርባ በኩል የበቀለ ጠባሳ ተጠምጥሞ አነቃቸው። ምክንያቱን ሐኪሙን ብጠይቀው «አይታወቅም» አለኝ። እንግዲህ ከሰው ሁሉ እኔን መረጠ፤ መመረጥም ክብር ነው። አንድ ጊዜ ቀዶ ሊያላቅቃቸው ሞክሮ፣ ብል እንደበላው ጨርቅ እጁ ላይ ተበጣጠሱበት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሽንቴን በጀርባዬ እሸናለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ለከረጢቶቹ በየቀሚሴ ውስጥ ጭኔ ላይ ኪስ ሰፍቼላቸዋለሁ። ከእኔ በላይ የለበሱ ከረጢቶች በዓለም ላይ የሉም።

ባሌ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ስለሚያንኮራፋ ነው።

ረቡዕ 5

ሐኪሙ ዛሬ ቃል አወጣ። ቁጥቡ ነው የምለው፤ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሚጎድልበት ይመስለዋል።

«ከትንሹ አንጀትዎ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል እንቆርጣለን። ከነደም ሥሩ። የቀረውን መልሰን እንገጥመዋለን። የተቆረጠው አዲስ ቱቦ ይሆናል። ከሁለቱም ኩላሊት ተቀብሎ ወደ ፊኛ ያወርዳል።»

«የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ከጭራው ቆርጠን አዲስ ኮሌታ እንደምናወጣው ነዋ!» አልኩት።

አሰበበት። «አዎ» አለ።

«ጨርቁስ ይበቃል?»

«ስድስት ሜትር ገደማ አለዎት።»

ስድስት ሜትር! ይህን ሁሉ ጣቃ ሆዴ ውስጥ ጠቅልዬ ይዤ ነው ለካ ዕድሜ ልኬን ለደንበኛ «ጨርቅ አምጪ» ስል የኖርኩት።

«አቅጣጫው ወሳኝ ነው» አለ ደግሞ። «አንጀት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገፋው። ገልብጠን ከሰፋነው ሽንቱን ወደ ኩላሊት ይመልሰዋል።»

ከፈይ ነው በሉኛ! የከፈይ ጸጉሩ ወደ ታች መተኛት አለበት፤ አንዱን ወገን ገልብጦ የቆረጠ ሰፊ ቀሚሱን አበላሸ። ይህን ስነግረው ቁጥቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ከፈይ» አለ፤ ሊያስታውሰው የፈለገ ይመስል።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ክሪያቲኒን የሚሉት የደም ቁጥር አለ፤ ኩላሊት ሲደክም ከፍ ይላል። የእኔ 1.6 ነው። ከሁለት ካለፈ ቀዶ ሕክምናው የለም። አንጀት መምጠጥ ልማዱ ስለሆነ በላዩ የሚያልፈውን ሽንት ከፊሉን መልሶ ወደ ደም ይልከዋል፤ ያንን የሚያጸዳ ኩላሊት ከሌለ ጥገናው ሰውየውን ይገድላል።

«ካልተሠራልኝስ?»

«በከረጢቱ ይቀጥላሉ። ኩላሊቱ እስኪደክም።»

«እስኪደክም» ሲል ወረቀቱን ነበር የሚያየው። ቀጠሮው ሰኞ 17 ነው። አልፈራሁም። ስወጣ በሩን በተቃራኒው ስገፋው መቆየቴ የበሩ ጥፋት ነው።

ሲስተር፣ የከረጢቶቼ አለቃ የሆነችው ነርስ፣ እንደ ወትሮዋ በመሰናበቻ ፋንታ «ምን ጊዜም ከኩላሊት በታች!» አለችኝ። ከረጢቱን ማለቷ ነው። ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስምንት ወር ሙሉ ስትለኝ ሰምቻለሁ፤ በእንቅልፌም እመልሰዋለሁ።

ቅዳሜ 8

ነገ የታላቅ እህቴ ልጅ ሠርግ ነው። ዛሬ የሙሽራዋን ቀሚስ ላደርስ ሄጄ ቁልፉን እየተከልኩ ሳለ እህቴ ከወዲያኛው ክፍል በስልክ ስታወራ ሰማሁ።

«ትምጣ እንጂ፣ እህቴ አይደለች? ግን ከኋላ ብትቀመጥ ነው የሚሻለው። ፎቶው ላይ ያ ነገር በቀሚሷ በኩል ይታያል። ደግሞ ካፈሰሰስ?»

ስለ ሌላ ሰው እያወራች ይሆናል። ሌላ እህት የላትም እንጂ።

ማታውን የራሴን ቀሚስ እንደገና ፈታሁት። ጭኔ ላይ ያሉትን ኪሶች አንስቼ ከብብቴ በታች፣ ከጎድን አጥንቴ ላይ ሰፋኋቸው፤ በላዩ አጭር ካፖርት ይደረባል። በመስታወት ዞሬ አየሁት። እንኳን ከረጢት፣ ነውርም አይታይበት። በሃያ ስድስት ዓመት የሰፊነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ኪስ አልወጣኝም።

ለአንድ ቀን ነው።

እሑድ 9

የፊተኛው ረድፍ! ፎቶ ላይ ከሙሽራዋ ቀጥሎ ሦስተኛ! ጨፈርኩ። እህቴ በዓይኗ ከወገቤ በታች ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። አሥር ሰዓት ሙሉ ንግሥት ነበርኩ።

ቤት ስገባ ባሌ ቀሚሴን ሊያወልቅልኝ ዚፑን ከፍቶ ቆመ። ኪሶቹን አየ። ከረጢቶቹን አወጣቸውና አነበበ።

«ግራ ዘጠና» አለ። ደግሞ አነበበው። «ዘጠና።»

«ለግሟላ» አልኩት።

ማክሰኞ 11

ብርድ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም ብርድ። ጥርሴ መኪና ይሰፋል። ባሌ እጁ የገባለትን ያንኑ የሠርጉን ቀሚስ አልብሶኝ ካልሲ ሳያደርግ ታክሲ ሊጠራ ሮጠ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሽንት የታጠበ ቀለም…

ሐሙስ 13

ሆስፒታል። ግሉኮስ በክንዴ፣ መድኃኒት በክንዴ፣ ውርደት በሁሉም በኩል።

ኩላሊቶቼ ኢንፌክሽን ገብቷቸዋል። ክሪያቲኒን 3.1።

ቁጥቡ አልጋዬ ጫፍ ቆሞ፣ «የሰኞው ቀርቷል» አለ። ከዚያ «ከረጢቶቹ ከፍ ብለው ነበር?»

«አይ» አልኩ። አንዲት ፊደል እንኳ አልተንቀጠቀጠችብኝም።

ሲስተር በጎኑ ቆማ ነበር። ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ያኔ ባሌ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሁልጊዜ ሰው ፊት ሲናገር እንደሚያደርገው ኮፍያውን አውልቆ።

«እኔ ነኝ ዶክተር። ከሠርጉ ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዳይጨመቁ ብዬ ከፍ አድርጌ ያንጠለጠልኳቸው እኔ ነኝ። ረሳኋቸው።»

ቁጥቡ ስብከት ቀረሽ ተግሣጽ አወረደበት፤ በአንድ ቀን የዓመት ቃሉን ጨረሰ። «ለሚስትዎ ያሰቡ መስሎዎት ኩላሊቷን ሊያጠፉት ነበር» አለው። ባሌ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «ልክ ነው» ይላል። «ልክ ነው ዶክተር።»

ለምን እንደዚያ እንዳለ አላውቅም። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይቀባጥራል።

እሑድ 16

እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። አንድም ቀን አላንኮራፋም። ሊገባኝ አልቻለም።

ከጎኔ ባለው አልጋ የተኙት እማማ ሐሞታቸው ወጥቶላቸው ቁስሉ ገና አልሽርላቸው ብሏል፤ በሐሞታቸው ውስጥ የተገኙትን አሥራ አንድ ጠጠሮች በብልቃጥ አስቀምጠው ለጠያቂ ሁሉ ያሳያሉ። «ይቺ ትልቋ በኩሬ ናት» ይላሉ። ዛሬ ወደ ባሌ ጠቁመው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው ምን ቢያጠፋ ነው እንዲህ አንገቱን የደፋው?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም እማማ።»

«እንግዲያ ሌላ ያጠፋ አለ» አሉና ብልቃጣቸውን አንቀጫቀጩ።

ሰኞ 17

ዛሬ ነበር።

ዓርብ 21

2.7።

ሲስተር የሠርጉን ቀሚሴን በፌስታል ይዛ መጣች። የመጣሁ ቀን እየተንቀጠቀጥኩ እጄ ስላልታጠፈ በመቀስ ቀደው ነበር ያወለቁልኝ። ቀሚሱን ዘርግቼ አየሁት። ጨርቁን አልነካችውም! በስፌቱ ላይ፣ ክሩን ብቻ እየተከተለች ነው የቆረጠችው። አርባ ዲግሪ ተኩሶኝ በምወራጭበት ሰዓት ይህቺ ሴት ለጨርቄ አሰበች። በግማሽ ሰዓት መልሼ እገጥመዋለሁ። ማመስገን ጀምሬ ድምፄ ተሰበረብኝ፤ ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም።

«እናቴ ሰፊ ነበረች» አለች። ከዚያ ከብብቴ ሥር ያሉትን ኪሶች በጣቷ ዳበሰቻቸው። ረጅም ጊዜ። «በጣም የሚያምር እጅ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ኪስ ለሌሎቹም ቢሠራልኝ ምን አለበት። ከረጢታቸውን በፋሻ ጭናቸው ላይ አስረው የሚሄዱ ስድስት ሴቶች አሉኝ። ዝቅ ብሎ ነው ታዲያ።»

«ዝቅ ብሎ» አልኩ።

«ከኩላሊት በታች።»

ሄደች። ባሌን መርፌና ክር ከሱቄ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ ሮጦ ሄደ። ሲልኩት ደስ ይለዋል፤ እኔም ፊቱን የማላይበት አንድ ሰዓት አገኘሁ።

ሐሙስ 27

2.3። አራት ቀበቶ ከነኪሱ ጨረስኩ። ኪሶቹ ጭን ላይ ናቸው።

እህቴ የሠርጉን ፎቶ ይዛ መጣች። «እይው እስቲ፣ ምንም አያስታውቅብሽም!» አለች። አየሁት። እውነትም አያስታውቅም። ሴትዮዋ ትስቃለች። ያቺ ሴት በዚያች ደቂቃ ኩላሊቷን በገዛ ሽንቷ እየሞላች ነው።

«አምሮብሻል» አለች እህቴ። ከዚያ ድንገት፣ «በዚያ ቀን የምለውን ሰምተሽኝ ነበር እንዴ? በስልክ?»

«የምን ስልክ?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።» ጉልበቷ ላይ የነበረውን ፎቶ ገለበጠችው። ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። ከመምጣቷ በፊት ከልቤ ተቀይሜያት ነበር፤ አሁን ቂሙን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል።

ሌሎች ጠያቂዎችም ነበሩ። አንዷ «የአንጀት ነገር ክፉ ነው፣ የአክስቴ ልጅ በሱው ነው የሄደችው» ብላ አጽናናችኝ። እማማ ፈጠን ብለው ጠጠራቸውን አሳይተው ሸኟት። እግዜር ይስጣቸው።

አዲስ ወር፣ ሐሙስ 4

1.8!

ባሌ ቁጥሩን ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አነበበ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ወደ ኮሪደር ወጣ። በበሩ መስታወት አየዋለሁ፤ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ከሥራ በኋላ እግሩን ያመዋል።

ቁጥቡ መጣ። «ሰኞ 15» አለ። ከዚያ ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ ሳይጠየቅ አንድ ቃል ጨመረ፦ «ጥሩ።»

እሑድ 14

ነገ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ክፍሉ ተኝቷል። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው።

አልፈራሁም ብዬ ጽፌ ነበር። ይሰረዝ አልልም፤ በሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። ግን ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ቀን የሰፋሁትን ቀበቶ ማታ መልሼ እፈታዋለሁ። ነገ ማደንዘዣው እንደወሰደኝ ብቀር፣ ዓለም ሲነጋ የሚያውቀው ያ የኮፍያው ሰውዬ በሚስቱ ኩላሊት ላይ ያጠፋው ጥፋት ነው። ሲስተር ታውቃለች፣ እማማ ይጠረጥራሉ፣ ቁጥቡ ግን ተግሣጹን አላነሣም። ባሌ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቁጥቡ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እንደ ተማሪ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ ቁጥቡ ከሲስተር ጋር ለፊርማ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ባሌ እንደ ወትሮው ብድግ አለ።

«ቁጭ በል አንተ» አልኩት። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ኪሱን። ከጎድኔ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለፎቶ ብዬ። አውቄ። እሱ መኪና ውስጥ ምንም አላንጠለጠለም፤ መኪናም አልነበረንም፣ በእግር ነው የመጣነው።»

ቁጥቡ ወረቀቱን አልጋው ላይ አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት?»

«ቀሚሱን አይቻለሁ። ባልዎ እንዲያ መስፋት አይችሉም።»

«ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» አለ ባሌ።

መጀመሪያ ሲስተር ናት የሳቀችው፣ ከዚያ እማማ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ኧረ ስፌቴ! ኧረ እንዳታስቁኝ!» እያሉ። ቁጥቡ አልሳቀም፤ ግን ብዕሩን አቀብሎኝ ሲያበቃ ወደ ባሌ ዞሮ እጁን ዘረጋለት። ባሌም ጨበጠው። ኮፍያውን ለማውለቅ ጊዜ አላገኘም።

ሲወጡ ሁለታችን ቀረን። «ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«ፊትሽ» አለ። «‹አይ› ስትዪው ፊትሽን አየሁት።»

ከቁጥቡ ጋር ሲውል ቃል መቆጠብ ተማረ።

ግንኙነት የሌለው ነገር፦ ወደ ቤት ከተመለስኩ ሶፋውን ለሆነ ሰው እሰጠዋለሁ። ሳሎኑን አጥብቦብናል።

ሰኞ 15

ባል ነኝ። ደብተሩን ያዝልኝ ስላለችኝ ነው። አላነበብኩትም።

2፡10 ገባች። 4፡00 ምንም የለም። 6፡00 ምንም የለም። 7፡15 ሲስተር ወጥታ «ደህና ነው» አለች። ደህናው ምኑ እንደሆነ አልጠየቅኩም። 9፡40 ወጣች።
ቀኝ፦ አልተነበበም። ግራ፦ አልተነበበም።
እጇ ሙቅ ነው።

ረቡዕ 17

አለሁ። ብዕር ይከብዳል። አላነበብኩትም ብሎ ከእሑዱ ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በእኔው አጻጻፍ ቀኑን ጽፏል። አልጠይቀውም።

ያማል። አፍንጫዬ ውስጥ ጎማ፣ ሆዴ ላይ ጎማ፣ ፊኛዬ ውስጥ ጎማ፣ ጀርባዬ ላይ የድሮዎቹ። የጎማ መሸጫ ሆኛለሁ።

ዓርብ 19

ክቡር የሆነ የሳይንስ ጥያቄ በየጠዋቱ ይቀርብልኛል። ቁጥቡ፣ ሦስት ተማሪ ሐኪሞችን አስከትሎ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ፦ «ጋዝ ወጣ?»

የተቆረጠው አንጀት በተገጠመበት በኩል መሥራት መጀመሩን የሚያውጀው እሱ ብቻ ነው። እስኪወጣ ውኃ እንኳ አይፈቀድም። ዕድሜ ልኬን ሰው ፊት እንዳይወጣ ስጠነቀቅ የኖርኩት ነገር፣ አሁን አራት የተማሩ ሰዎች ተሰልፈው ይማጸኑታል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ መጣ። ትንሽ ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን በማያሻማ ድምፅ።

«ልጄ!» አሉ እማማ ከአልጋቸው ብድግ ብለው። «አንቺ ነሽ ወይስ በሩ ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ!»

አጨበጨቡ። ማዶ ያሉት ሁለት ሴቶችም አጨበጨቡ። ባሌ ሰዓቱን አይቶ ደብተሩ ላይ አሰፈረ፦ «4፡25። አንድ።»

ማክሰኞ 23

የሚከተለው የምስጋና መግለጫ ሳልጠየቅ በፈቃዴ ያወጣሁት ነው።

አንደኛ ለአንጀቴ። ዕድሜ ልኬን ስምህን በክፉ ስጠራ ኖሬያለሁ። ደንበኛ ቀጠሮ ሲያፈርስ አንጀቴ አረረ፣ የሰው ነገር ሲያሳዝነኝ አንጀቴ ተላወሰ፣ ያላንተ የማዝንበትም የምናደድበትም አልነበረኝም። አንድም ቀን ግን ደህና ነህ ወይ ብዬህ አላውቅም። ይኸው ከስድስት ሜትርህ አርባ ሳንቲ ሜትር ስትጠየቅ ያለ ማጉረምረም ሰጠህ። ትንሽ አጉረምርመሃል፤ ዓርብ ዕለት ሁላችንም ሰምተናል።

የተዛወረው ቁራጭ ግን መዛወሩ ገና አልተነገረውም። እንደ ነባር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የድሮ ሥራውን ይሠራል፤ ንፍጥ ያመርታል። በፊኛዬ ጎማ ከረጢት ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ሲንሳፈፍ ሳይ ደንግጬ ሲስተርን ጠራሁ። «ዕድሜ ልኩን ያመርታል» አለችኝ። «ብዙ ውኃ ጠጪ፤ እንዳይደፍነው።» በቀን ሁለት ጊዜ ፊኛዬን በጎማው በኩል በሲሪንጅ ውኃ ታጥብልኛለች። የሰው ፊኛ እያጠበች ስለ እናቷ የስፌት መኪና ታወራኛለች፤ ፔዳሉ እንዴት ይንቋቋ እንደነበር። ይህን ሥራ በፈካ ፊት የሚሠራ ሰው ከየት ይፈጠራል? እኔ እጅጌ ስገጥም እንኳ ግንባሬን አኮሳትራለሁ።

ሁለተኛ፣ ከክፍሉ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ አልጋዬን እየገፋ የወሰደኝ ሰው፣ ስሙን አላውቅም፣ በየበሩ ደፍ ላይ ቆም ብሎ ጎማውን ቀስ አድርጎ ያሳልፍ ነበር። እንዳልንገጫገጭ። አራት ደፍ ነበር። አራቱንም።

ሦስተኛውን አልጽፈውም። ይህን ደብተር የሚያነቡ ሰዎች አሉ።

ሌላ ወር፣ ሰኞ 6

በጀርባዬ ጎማ በኩል ቀለም ልከው በራጅ ተከታተሉት። ከጎን ተኝቼ ስክሪኑ ይታየኛል። ነጩ ቀለም ከቀኝ ኩላሊት ወጣ፣ ከግራውም፣ ወፍራም ሆኖ፣ እየተጨበጠ፣ እየተለቀቀ ወረደ። አንጀቴ ነው። ይገፋል። ወደ ታች!

«አይፈስም። አልጠበበም። አቅጣጫው ልክ ነው» አለ ቁጥቡ።

«ጸጉሩ ወደ ታች ተኝቷል» አልኩ።

«ጸጉሩ ወደ ታች ተኝቷል» አለ ለተማሪዎቹ፤ ሦስቱም ጻፉት።

ነገ ፊኛዬ ውስጥ ያለው ጎማ ይወጣል፤ የጀርባዎቹ ይቆለፋሉ። ሽንቱ በአዲሱ መንገድ ወርዶ በራሴ ከወጣ የጀርባዎቹ ይነቀላሉ። ካልወጣ፣ ወይም ወገቤን ካመመኝና ከተኮሰኝ፣ ይከፈታሉ፤ ከረጢቶቹም ይመለሳሉ። ጨርቁ ቢተርፍም ሁለተኛ መቁረጥ የለም፤ ቁጥቡ ይህን በቀስታ ነው የነገረኝ።

ማክሰኞ 7

3፡00 ጎማው ወጣ። የጀርባዎቹ ተቆለፉ። ውኃ ጠጣሁ።

4፡30 ምንም።

5፡15 ወገቤን ተሰማኝ። ወይስ እያዳመጥኩት ስለሆነ ነው? ሲስተር ሙቀቴን ለካች፣ የለም። ባሌ መስኮቱ ጋ ቆሟል። የሚያነበው ከረጢት አጥቶ እጁ ቦዝኖበታል።

6፡00 ሌላ ብርጭቆ። አሥር ወር ባዶውን የከረመ ፊኛ ተጨማዶ እንደሚሆን ቁጥቡ ነግሮኛል። ትዕግሥት፣ አለ።

6፡40 አንድ ነገር ተሰማኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ በሩን ሲያንኳኳ ድምፁን ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ግን አይመጣላችሁም፤ እንደዚያ። ከዚያ መጣልኝ።

ባሌን በክንዱ ይዤ ተነሣሁ። መጸዳጃ ቤት ድረስ አሥራ አራት እርምጃ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ውጪ ቆመ። ተቀመጥኩ። ምንም። ቧንቧውን ልክፈትልሽ ወይ አለኝ፣ ተወው አልኩት። ጣሪያውን አየሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ንጣፍ ተሰንጥቋል። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ፣ ጀመረ።

ትንሽ ነው። ይቆማል፣ ይቀጥላል። ግን ከጀርባዬ አይደለም፣ በጎማ አይደለም፣ ለማንም ሳይነገር፣ ከእኔ ወደ ታች፣ ሰው ሁሉ ሳያስበው በየቀኑ እንደሚያደርገው። ዕንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባሌ ከበሩ ወዲያ፣ ድምፁ ተቀይሮ። «አመመሽ? ሲስተርን ልጥራት? አንቺ! ለምን አትመልሺልኝም?»

«ዝም በል አንተ» አልኩት። «እያዳመጥኩ ነው።»

በበሩ ክፍተት ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁት፤ እሱም ሊያዳምጥ።